ቃል ሲጠፋ ወደ መርካቶ

ሰው ሲርበው ወደ ጓዳ፣ ሲታመም ወደ ሐኪም፣ ሲበደል ወደ ዳኛ ይሄዳል። ቃል የጠፋበት ጸሐፊስ ወዴት ይሂድ? ይህን ጥያቄ ለጨዋታ ያነሣሁት እንዳይመስላችሁ። ብዕርና ወረቀት ይዞ ተቀምጦ የወረቀቱን ንጣት ብቻ ሲመለከት ያመሸ ሰው ሁሉ ጭንቁን ያውቀዋል። ተማሪ የሆናችሁ በድርሰት ፈተና ቀን፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁም አለቃችሁ «ሪፖርቱን ነገ ጧት ጠረጴዛዬ ላይ እንዳገኘው» ብለዋችሁ በሄዱበት ምሽት ቀምሳችሁታል።

እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ቀን ቀን «ድርሰት መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለው» እያልሁ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ማታ ማታ ግን ለራሴ ጽሑፍ መግቢያውን እንኳ አጥቼ መብራት አጥፍቼ የምተኛበት ወራት ነበር። ይሁን እንጂ ወደ መርካቶ የወሰደኝ የእኔ ባዶ ወረቀት አልነበረም፤ የአንድ ተማሪዬ የሞላ ወረቀት ነው።

ልጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በመስከረም ወር እናቱ ለሽያጭ ስለምትጋግረው እንጀራ ግማሽ ገጽ ጽፎ ሲያነብ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። እናቱ ሌሊት በ10 ሰዓት ተነሥታ ምጣዱን በጎመን ዘር ስታስስ፣ ጭሱ ወደ ልጇ መኝታ እንዳይገባ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ስትዘጋው የሚያሳይ ጽሑፍ ነበር። በጥር ወር ግን ስድስት ገጽ ይዞልኝ መጣ። «ማዕበል»፣ «ነፍስ»፣ «ዘለዓለም»፣ «ደም» የሚሉ ቃላት እንደ ጎርፍ ይወርዳሉ፤ ማን ምን እንዳደረገ፣ የት እንደ ነበረ ግን አይታወቅም። ከክፍል በኋላ አስቀርቼ «ምን ነካህ?» ብለው መሬት መሬት እያየ፣ «መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎ? አሁን አሁን ሳልቅም ቃል አይመጣልኝም። ትልልቆቹ ደራስያንስ እንዲሁ አይደል የጻፉት?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም እኔም በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያንኑ መንገድ ሞክሬዋለሁ፤ ይባስ ብሎም በዚያው ሳምንት እንደ ገና ልሞክረው አስቤ ነበር። «ሰኞ እንነጋገራለን» ብዬ አሰናበትሁትና ቅዳሜ ጧት ወደ መርካቶ ወረድሁ። ጸሐፊን ያንቀሳቅሳል የሚባለው ነገር ሁሉ፣ ቡናውም፣ ጫቱም፣ ዕጣኑም፣ ወረቀቱም እዚያ ይሸጣል። ለዚህ በሽታ የሚሸጥ መድኃኒት ካለ በዓይኔ አይቼ ለልጁ መልስ ላመጣለት ቈረጥሁ።

ጠላት የተከለው ገበያ

መርካቶ የሚለው ስም ጣሊያንኛ ሲሆን ትርጓሜው ገበያ ማለት ነው። ቀድሞ የአዲስ አበባ ትልቅ ገበያ የሚቆመው አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጠላት ከተማውን በያዘበት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ ጣሊያኖች የከተማውን መካከል ለራሳቸው ለማድረግ አስበው ያገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አሸሹት። ሰፈሩም አዲስ ከተማ ተባለ። ለማራቅ የተተከለው ገበያ ግን የከተማው ሆድ ሆነ። ጠላት ሄደ፤ ስሙና ገበያው ቀረ።

ከአውቶቡስ ተራ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው ድምፅ ነው። ተሸካሚው ከጀርባው ላይ ካለው ጥቅል ሥር ሆኖ «ዞር በል! ከኋላህ!» ይላል። ደላላው እጅዎን ይዞ፣ ሊገዙ ያላሰቡትን ዕቃ በምን ዋጋ እንደሚያገኙት ይነግርዎታል። የአንዋር መስጊድ አዛንና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደወል ተጎራብተው ይሰማሉ። ሁሉም በየተራው ነው፤ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ፣ እህል በረንዳ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ በተነሣው ትልቅ ቃጠሎ ብዙ ሱቅና ብዙ ሀብት ጠፍቷል፤ ገበያው ግን ዝም አላለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ዓ.ም. በታተመው «እሳት ወይ አበባ» በተባለው የግጥም መጽሐፉ ውስጥ «አይ መርካቶ» ለሚል ግጥም ቦታ መስጠቱ አያስገርምም። በዚህ ሥፍራ ቃል አይጠፋም። ቃል የሚጠፋው እኔ ቤት ነው።

የቡናው ነገር

መጀመሪያ የሄድሁት ቡና ወደሚሸጥበት ነው። የሐረሩ፣ የሲዳማው፣ የጅማው፣ የወለጋው በየጆንያው ተከፍቶ ይታያል፤ ነጋዴው እፍኝ አንሥቶ ያሸታል፣ መልሶም ያፈስሳል። ከአንዱ ሱቅ ጎን አንዲት ሴት በሸራ ጥላ ሥር ቡና ትቆላለች። «እትዬ፣ ቡና ይኖራል?» ብላት፣ «ኧረ ሞልቶ! ተቀመጥ ወንድሜ» ብላ በርጩማ ሳበችልኝ።

ስለ ቡናና ስለ ጸሐፊ ሲነሣ የፈረንሳዩ ባልዛክ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ይህ ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተነሥቶ፣ በስኒ ላይ ስኒ እየደረበ፣ እስኪነጋ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ስለ ቡናና ስለ ሌሎች አነቃቂዎች ራሱን የቻለ ጽሑፍ አሳትሟል። ብዙ መጻሕፍት ትቶ እ.ኤ.አ. በ1850 በ51 ዓመቱ ሞተ።

የቡናው ኃይል ምን እንደ ሆነ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሩንገ እ.ኤ.አ. በ1819 ከፍሬው ውስጥ ለይቶ ያወጣው ካፌይን የተባለው ቅመም ነው። ሰው ነቅቶ በዋለ ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ነገር በአንጎሉ ውስጥ እየበዛ «ደክመሃል፣ ተኛ» የሚል መልእክት ያደርሳል። ካፌይን ሄዶ የመልእክተኛውን ወንበር ይይዝበታል። ድካሙ አይጠፋም፤ መልእክቱ ነው የማይደርሰው። እንግዲህ ቡና እንቅልፍን ያስታግሣል እንጂ ሐሳብ አይፈጥርም። የጓዳውን መብራት ያበራል፤ ጓዳው ባዶ ከሆነ በመብራቱ የሚታየው ባዶነቱ ነው።

አቦሉን ጠጥቼ ቶናው ሲቀዳ ባለቡናዋ ፊቴን አይታ፣ «ምነው ብቻህን ተከዝህ? ቡና እንዲህ አይጠጣም» አለችኝ። «ጽሑፍ እምቢ ብሎኝ ነው» አልኋት። ሣቀችና በማንከሽከሻዋ ወደ ማዶ እያመለከተች፣ «ጽሑፍ ከሆነ፣ እዚያ ጥላ ሥር ያሉትን አባባን ጠይቃቸው። ሲጽፉ ነው የሚውሉት» አለች። ማዶ ስመለከት አንድ ሽማግሌ ከአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት በር አጠገብ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰው አየሁ። ማመልከቻ ጻፊ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ናቅሁት። ደራሲ ከራፖር ጻፊ ምን ይማራል ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ።

አስተናግር የተባለው ቅጠል

በራጉኤል አቅራቢያ ዕጣን፣ ጧፍና የጸሎት መጽሐፍ ከሚሸጡት መካከል አንዱ በወጣትነታቸው ጎጃም ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። ዳዊት ስገዛ ጨዋታ ጀመርንና «መሪጌታ፣ የቅኔ ተማሪ ቃል ሲጠፋበት ምን ያደርጋል?» አልኋቸው። «የሚቸኩለው አብሾ ይጠጣል፤ የሚታገሠው ይቆጥራል» ብለው ቀለዱ።

የአብሾን ወሬ ያልሰማ የለም። አእምሮን ይከፍታል፣ የሰሙትን አያስረሳም እየተባለ በየአብነት ትምህርት ቤቱ ሲወራለት የኖረ መጠጥ ነው። ከእነዚህ ዕፀዋት አንዱ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ሰዎች ዕፀ ፋርስ ወይም አስተናግር የሚሉት ነው። እስቲ ስሙን ተመልከቱት፤ አስተናግር! አናጋሪ ማለት እኮ ነው። ቃል ለጠፋበት ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያጓጓ ስም ከየት ይገኛል? ይሁን እንጂ በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉት ቅመሞች መርዝ ናቸው። የሌለ ነገር ያሳያሉ፣ ያቃዣሉ፣ መጠኑ ካለፈም ይገድላሉ። መሪጌታም፣ «አንድ ጓደኛዬ ጠጥቶ በእርግጥ ብዙ ተናገረ። ለዛፍ ነበር የሚናገረው። ቅኔውን ግን የሰማ የለም» አሉኝ።

ከዚያ የእውነተኛውን ቅኔ ቤት ሥርዓት አጫወቱኝ። ዋሸራ ቢሉ፣ ጎንጅ ቢሉ፣ ዋድላ ቢሉ፣ ጀማሪ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። ረዥሙን መወድስ አምጣ የሚለው የለም። ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሹን ቀምሶ፣ ከሰው ርቆ ከዛፍ ሥር ይቀመጥና ያችን ሁለት ቤት ይቆጥራል። ከዚያም በሰዓቱ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል፤ ይታረማል፤ በማግስቱም እንደ ገና ይቀርባል። «ቃል ባይመጣስ?» አልኋቸው። «ቢመጣም ባይመጣም ነገ መምህሩ ፊት መቆም አለ፤ ባዶ እጅ መቅረቡ ስለሚያሳፍር ይመጣል» አሉኝ። ቅዱስ ያሬድ ዛፍ ለመውጣት እየወደቀ ደጋግሞ ከሚሞክረው ትል ተማረ የሚለውን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ ሰምተናል። ትሉም የጠጣው ነገር አልነበረም።

በጫት ተራ

ወደ ጫት ተራ የገባሁት ልቤ እየመታ ነው። እዚያ ሁሉም ይሮጣል። መኪናው ሳይቆም ይራገፋል፤ ዙርባው በቅጠል ተጠቅሎ፣ ውኃ እየተርከፈከፈበት ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። የሩጫው ምክንያት በቅጠሉ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ቅመም ቅጠሉ በደረቀ ቁጥር ኃይሉ ወደ ደከመ ሌላ ቅመም ይለወጣል። ስለዚህ ጫት ካላደረ ነው ዋጋ የሚያወጣው።

ተማሪዬ «ትልልቆቹ ደራስያን» ያለው ማንን እንደ ሆነ አላጣሁትም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ጫት መቃሙን ሸሽጎ አያውቅም። በዓሉ ግርማም በ1972 ዓ.ም. በታተመው «ደራሲው» በተባለው ልብ ወለድ ሲራክ የሚባለውን ደራሲ ሲሥል በስብሐት አምሳል ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ወጣት አንባቢ ከዚህ ሁሉ የሚይዘው ቅጠሉን ነው፤ ምክንያቱም ከስብሐት ሥራዎች መካከል በገንዘብ ሊገዛ የሚችለው ቀላሉ ነገር እርሱ ነው። ስብሐትን ስብሐት ያደረገው ጫቱ ቢሆን ኖሮ ግን በዚህ ተራ በረንዳ ላይ በየቀኑ ሺህ ስብሐቶችን ባየን ነበር። ሰውዬው የሰውን አነጋገር እንደ ሰማው ለመጻፍ ጆሮ ነበረው፤ ብዙ አነበበ፤ «ሌቱም አይነጋልኝ» የተባለውንም ጽፎ ሙሉው መጽሐፍ እስኪታተም አሥርተ ዓመታት ታገሠ። ይህ ትዕግሥት በዙርባ አይሸጥም።

እንደዚሁም በሐረርና በወሎ ጫት ለዱዓና ለቂርአት ሌሊቱን መንቂያ ሆኖ የኖረ መሆኑን መካድ አይገባም። ነገር ግን እነዚያ ሊቃውንት ከፊታቸው ኪታብ፣ ከአጠገባቸው ሼህ ነበራቸው። ቅጠሉ ንቃቱን ቢሰጥ ጉዳዩን የሰጣቸው ኪታቡ ነው።

የራሴን ታሪክ ልናዘዝ። በዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ሌሊት ከጓደኞቼ ጋር ቅሜ 14 ገጽ ጻፍሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታናሽ ወንድም አገኘ ብዬ ራሴን አመሰገንሁ። በማግስቱ ማታ ሳነበው አንዱ ዓረፍተ ነገር በአራት ቦታ፣ በአራት ልብስ ተደጋግሞ አገኘሁት። ምርቃና እንደ ለጋስ ዳኛ ነው፤ የቀረበለትን ሐሳብ ሁሉ ተቀብሎ ያጸድቃል። ጸሐፊ የሚያስፈልገው ግን «ይህን ሰርዝ» የሚል ክፉ ዳኛ ነው። ይባስ ብሎም ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍም፣ ምግብም፣ ብዕርም አስጠሉኝ። አንድ ሌሊት ተበድሬ ሦስት ቀን ከፈልሁ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ በዚያ ቅዳሜ እጄን ኪሴ ከትቼ ገንዘቤን ስዳስስ ተገኘሁ። ሻጩ «ምን ልስጥህ ወንድሜ?» አለኝ። በዚህ ጊዜ የተማሪዬ ፊት መጣብኝ። ሰኞ ምን ልለው ነው? «እኔም አጥቼ ገዛሁ» ልበለው? እግሬን መልሼ ወደ ናቅኋቸው ሽማግሌ ሄድሁ።

ንዴት አይጻፍም

አባባ ጥላቸውን ከአንድ የብረት ዘንግ ጋር አስረው፣ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። በጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ ካርቦን፣ ሁለት ስክሪብቶና የጣት አሻራ ቀለም አለ። ከፊታቸው አንዲት ሴት ቆማ ታለቅሳለች። አከራይዋ የሁለት ወር ቅድሚያ ተቀብሏት በሳምንቱ ቤቱን ቆልፎባታል፤ ዕቃዋም ከውስጥ ነው። እርሷ ግን የምትናገረው ስለዚህ አልነበረም፤ ስለ ሰው ክፋት፣ ስለ ዘመኑ፣ ስለ ፈጣሪ ፍርድ ነበር። አባባ ሳይቸኩሉ ይጠይቃሉ። «ቤቱን የተከራየሽው መቼ ነው?» «ገንዘቡን ስትሰጪው ማን አየ?» «የቆለፈው በስንት ሰዓት ነው?» «ከውስጥ ምን ምን አለሽ?» «አሁን ምን ይደረግልኝ ትያለሽ?» መልሷን ባገኙ ቁጥር አንድ መስመር ይጽፋሉ። ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንድ ገጽ ሞላ። ጮክ ብለው አነበቡላት። ሴትዮዋ ዕንባዋን ጠርጋ፣ «አዎን፣ የሆነው ይኸው ነው» አለችና ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች።

ስትሄድ ተጠግቼ፣ «አባባ፣ ሲጽፉ ቃል ጠፍቶብዎ ያውቃል?» አልኋቸው።

«ቃል?» አሉ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው እያዩኝ። «ቃልማ የት ይሄዳል ብለህ ነው ልጄ። የሚጠፋው ጉዳዩ ነው። ባለጉዳይ ሲመጣ ንዴቱን ይዞ ይመጣል፤ ንዴት ደግሞ አይጻፍም። መቼ፣ የት፣ ማን፣ ምን እያልሁ ስጠይቀው ጉዳዩ ይወጣል። ጉዳዩ ከወጣ ቃሉ ራሱን ያመጣል።»

«እርስዎ ራስዎ ደክሞዎት፣ አልጽፍ ያለዎት ቀንስ?»

ወደ ሄደችው ሴት በአገጫቸው አመለከቱ። «እኔ ቃል ጠፋኝ ብዬ ብቀመጥ እኮ ያቺ ሴት ዛሬ ማታ ማደሪያ የላትም።»

ለካ ተማሪዬ በመስከረም የጻፈው ይህንኑ ነበር። እናቱ በስንት ሰዓት እንደምትነሣ፣ በሩን በምን እንደምትዘጋ ጽፎ ነበር። በጥር የጻፈው ግን ንዴቱን ነው። የእኔም 14 ገጽ እንዲሁ።

ምን አለሽ?

ከዚያ ወጥቼ ወደ ምናለሽ ተራ ዘለቅሁ። ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ብረት፣ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ምድጃ፣ የተጣለ በርሜል ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ነው። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። በርሜሉ ይቀደድና የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ይቆረጥና በረባሶ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ይታጠፍና ኩራዝ ይወጣዋል። የተራው ስም ራሱ ጥያቄ ነው፤ «ምን አለሽ?» ማለት ነው። እዚህ ቆሞ «ሐሳብ አልመጣልኝም» የሚል አንጥረኛ አላየሁም። እጁ ላይ ያለውን አይቶ ይነሣል።

ወደ ቤቴ ስመለስ በታክሲ ውስጥ ሌሎች ጸሐፊዎችን ሳስብ መጣሁ። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ እንደ ብዙዎቻችሁ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የፖስታ ቤት ባለሥልጣን ነበር። በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ፣ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ፣ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል እየጻፈ ሦስት ሰዓት ይሠራና ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል። ቡናም ነበረው፤ በዚያ ሰዓት ለሚቀሰቅሰው ሎሌ በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፍል ነበር። ሲሞት 47 ልብ ወለዶች ትቶ ሄደ። እኛም አገር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአንባቢ ሲያቀርቡ ከባድ የመንግሥት ኃላፊነት ተሸክመው የኖሩ ሰው ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ ግን የነቢይ መኮንን ነገር ነው የከነከነኝ። ነቢይ በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ መለሰ። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ብጣሽ ወረቀት ላይ ነው፤ ብጣሹም ከእስር በሚለቀቁ ሰዎች እየተሸሸገ ወጣ። እኛ ለመጻፍ ሲጋራ ያስፈልገናል ስንል እርሱ ከሲጋራው ያስፈለገው ወረቀቱ ነበር። የሚያዳምጡት እስረኞች አጠገቡ ነበሩ፤ የሚሠራው ሥራም እጁ ላይ ነበር። መርካቶም አልሄደ።

ሰኞ

ሰኞ ልጁን ጠራሁት። ስብከት አልሰበክሁለትም፤ በዚህ ዕድሜ ስብከት ከአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው እንደሚወጣ ከራሴ አውቃለሁ። የ14ቱን ገጽ ታሪክ ነገርሁት። ሣቀ። ቀጥሎም የራሱን ስድስት ገጽ አውጥቼ፣ «መቼ? የት? ማን? ምን?» እያልሁ መስመር በመስመር ጠየቅሁት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ሣቁን ተወው። ዝም ብሎ ቆየና፣ «አባቴ ከሄደ ወዲህ ያለውን ነው ልጽፍ የፈለግሁት» አለኝ። ስድስቱ ገጽ ውስጥ አባት የሚል ቃል አንድም አልነበረም።

ከዚያ እንደ ቅኔ መምህር ትንሿን ሥራ ሰጠሁት። «ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ሄደህ አንድ ሰዓት ቁም፤ ሳትቅም። አንድ ሰው ምረጥና እጁ የሚሠራውን ጻፍ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ሰኞ ታነብልኛለህ፤ እኔም የራሴን አነብልሃለሁ» አልሁት።

በሰኞው አራት መስመር ብቻ ይዞ መጣ። «ይኸው ነው የመጣልኝ መምህር» አለ አፍሮ። አንድ ሽማግሌ የጎበጡ ሚስማሮችን በድንጋይ ላይ አጋድሞ አንድ በአንድ እያቀና፣ የቀናውን በቆርቆሮ ውስጥ ሲጥል የሚሰማውን ድምፅ ነበር የጻፈው። ከእነዚያ አራት መስመሮች አንድም ቃል ማውጣት አልቻልሁም።

ጫቱን ትቶት እንደ ሆነ ትጠይቁኝ ይሆናል። ጨርሶ ትቷል ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንድ ሰኞ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል፤ አንዳንድ ሰኞ ደግሞ ንጹሕ ሆኖ። እስካሁን ግን የቀረበት ሰኞ የለም፤ ባለፈውም ሳምንት ስለ አባቱ የመጀመሪያዋን ግማሽ ገጽ አንብቦልኛል። በውስጧ ቀን አለ፣ በር አለ፣ የተረሳ ጫማ አለ።

እኔም ለእርሱ ላነብለት ከጀመርሁት ውስጥ አንዱ ይህ አሁን ያነበባችሁት ነው። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ቃል ሲጠፋብህ ቡናህን መጠጣትህን አልከለክልህም። ከጠጣህ በኋላ ግን እንደ አባባ «መቼ፣ የት፣ ማን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ፤ የጻፍኸውንም ሰኞ የሚሰማህ አንድ ሰው ፈልግ።